ከ3,000 ሜትር በላይ፦ ሰሜንን፣ ባሌንና ጓሳን ለሚጎበኝ

ጨነቅ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ 3,620 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ የማደሪያ ሰፈር ነው። እዚያ ምስር የጣደ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ ምስሩ ግን አልበስል ይላል። ጥፋቱ የማገዶው ወይም የምስሩ አይደለም። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። ጨነቅ ላይ 88 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ይንተከተካል። ምስሩን የሚያበስለው መንተክተኩ ሳይሆን ሙቀቱ ነውና ጊዜ ይወስዳል።

በድስቱ ላይ የደረሰው በጎብኚውም ላይ ይደርሳል። ደጋ የወጣ ሰው ሳንባው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ልቡ ይመታል፣ እግሩ ግን እንደ ወትሮው አይሄድለትም። ተራራ ለመጎብኘት የሚነሳ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ይህንን ነው። ከፍታ የልብስዎን ዓይነት፣ የሚያዩትን እንስሳ፣ የሚያድሩበትን ቦታና የጉዞዎን ቀናት ብዛት ይወስናል።

ከፍታ ምን ያደርጋል?

አባቶቻችን አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብለው የከፈሉት በከንቱ አይደለም። በአማካይ 1,000 ሜትር ሲወጣ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ጤፍ በወይና ደጋ ይቀራል፤ ከዚያ በላይ ስንዴና ባቄላ፣ ከሁሉም በላይ ገብስ ይዘራል። ገብስም ካቃተው ጓሳ ሣር፣ አስታና ጅብራ ብቻ ይቀራሉ። ውርጭ የሚባለው ይህ የላይኛው አገር ነው። ቀን ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል፤ ማታ ውሃ በረዶ ይሠራል።

አየሩም እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምንስበው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ደግሞ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። አዲስ አበባ፣ ደሴ ወይም ደብረ ብርሃን የሚኖር ሰው ሰውነቱ ከፍታን በከፊል ለምዷል። ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ የመጣ ወገን ግን ኢትዮጵያዊ ስለሆነ ብቻ ከፍታው አይምረውም። ደም ሥር ውስጥ ያለው የትውልድ አገር ሳይሆን ያለፉት ሳምንታት አየር ነው።

ለዘመናት በዚያው የኖሩት ሰዎች ጉዳይ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት በሰሜን ተራሮች አካባቢ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የአማራ ገበሬዎችን መርምሮ ነበር። ደቡብ አሜሪካ ውስጥ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች የኦክስጅኑን እጥረት የሚቋቋሙት ደማቸውን በማወፈር ነው። የሰሜን ሰዎች ግን የሄሞግሎቢንም ሆነ የኦክስጅን መጠናቸው በባሕር ጠረፍ እንደሚኖር ሰው ሆኖ ተገኘ። እንግዳው በሚያለከልክበት ዳገት በቅሎ ጫኙ እያወራ የሚወጣው ለዚህ ነው። ከእሱ ጋር እሽቅድምድም አይግቡ።

የሰሜን ተራሮች

ሰሜን የተሠራው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ሆድ ፈልቶ በወጣ ቅልጥ ዓለት ነው። ያ ዓለት በውሃና በበረዶ እየተቆረሰ ዛሬ የሚታየውን ገደል ፈጠረ። በአንድ በኩል ከብት የሚግጥበት ሜዳ አለ፤ ከሜዳው ጠርዝ ሲደርሱ መሬቱ በድንገት ያልቃል፣ ከታችም ቆላው እንደ ካርታ ተዘርግቶ ይታያል። ይህ አቀማመጥ ለዘመናት ምሽግ ነበር። የቤተ እስራኤል መሪዎች እስከ 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ የነገሥታቱን ጦር የተቋቋሙት በእነዚህ አምባዎች ላይ ነበር። ካሳ ኃይሉም ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው በ1847 ዓ.ም. ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት በዚሁ በሰሜን፣ ደረስጌ ማርያም ነው።

መነሻው ጎንደር ነው። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደባርቅ ይገኛል፤ ክፍያ የሚፈጸመው፣ አስጎብኚ፣ ስካውትና በቅሎ የሚገኘውም እዚያው ነው። ስካውት መሣሪያ የያዘ የአካባቢው ሰው ሲሆን ያለ እሱ ወደ ፓርኩ አይገባም። ብዙዎቹ ስካውቶች መንገዱን ብቻ ሳይሆን ዋልያው በየትኛው ሰዓት በየትኛው ገደል እንደሚወጣ ያውቃሉ። ጥያቄ ይጠይቋቸው።

የተለመደው የእግር ጉዞ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤ ሳንቃበር 3,250 ሜትር፣ ግጭ 3,600 ሜትር፣ ከዚያ ጨነቅ። ከሳንቃበር ወደ ግጭ ሲሄዱ የጅንባር ፏፏቴ 500 ሜትር ገደማ ወደ ገደሉ ሲወረወር ይታያል። ከግጭ ሰፈር የሚደረሰው እሜት ጎጎ፣ 3,926 ሜትር ላይ ያለ ወደ ገደሉ የወጣ አፍንጫ ነው። ሦስት ቀን ብቻ ያለው ሰው እዚህ ደርሶ ቢመለስ ምንም አልቀረበትም።

ራስ ደጀን ለመውጣት የሚፈልግ ግን ተጨማሪ ሦስት ቀን ያህል ይያዝ። የአገራችን ከፍተኛው ጫፍ ነው፤ በብዙዎች አፍ ራስ ዳሽን ይባላል። በቀድሞ መጻሕፍት 4,620 ሜትር ተብሎ ሲጻፍ ቆይቷል፤ በኋላ የተደረጉ ልኬቶች ወደ 4,550 ሜትር ዝቅ አድርገውታል። መውጣቱ ገመድና መንጠላጠያ አይጠይቅም። አድካሚ የሚያደርገው ቁመቱ ብቻ አይደለም፤ ከጨነቅ ተነስቶ የቧሂትን ማለፊያ ከ4,200 ሜትር ገደማ ላይ ተሻግሮ፣ መሸሓ ወንዝ ድረስ ቁልቁል ወርዶ እንደገና መውጣት ያስፈልጋል። ያገኙትን ከፍታ ሁሉ መልሶ ማስረከብ ማለት ነው።

ወደ እንስሳቱ ስንመጣ፣ በመጀመሪያው ቀን የሚያገኟቸው ጭላዳዎችን ነው። በመቶዎች ሆነው ሜዳ ላይ ተቀምጠው ሣር እየነጩ ይበላሉ። በዓለም ላይ ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ የዝንጀሮ ዘመድ ጭላዳ ብቻ ነው፤ የሚገኘውም በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ማታ ማታ ነብርና ጅብ እንዳይደርስባቸው ገደል ወርደው ዓለት ላይ ያድራሉ። ስለዚህ ጠዋት ከገደሉ ሲወጡ፣ ማታ ሲወርዱ ጠርዙ ላይ ሆኖ ማየት ይቻላል።

ዋልያን ማየት ትዕግሥት ይጠይቃል። ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን ስሙን የወሰደበት ይህ የተራራ ፍየል በተፈጥሮ ከሰሜን ተራሮች ሌላ መኖሪያ የለውም። ጨነቅ አካባቢ ጠዋት በማለዳ የማየት ዕድሉ ጥሩ ነው። ሰሜን እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው፤ ላሊበላም በዚያው ዓመት አብሮት ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1996 ግን የዋልያውና የቀይ ቀበሮው ቁጥር በመመናመኑና ግጦሽና እርሻ በመስፋፋቱ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ የወጣው በ2017 ነው። ለዚህ የተከፈለ ዋጋ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ከ2,000 በላይ የሚሆኑ የግጭ ነዋሪዎች ከአባቶቻቸው መንደር ተነስተው ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። በግጭ ሜዳ ላይ ጸጥታውን የሚያደንቅ ጎብኚ ይህንንም ቢያውቅ መልካም ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተነሳው የእሳት ቃጠሎም የሣሩን ሜዳና የአስታውን ደን ጎድቶ ነበር፤ ለማጥፋት የረዳ ቡድን ከእስራኤል ድረስ መጥቷል። እሳት ማንደድ የተከለከለበት ቦታ ላይ አታንድዱ ሲባሉ ምክንያቱ ይህ ነው።

የባሌ ተራሮች

ባሌ ከሰሜን የሚለየው ከላይ ሜዳ በመሆኑ ነው። ሳነቴ የሚባለው አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሰፊ ሜዳ ሲሆን ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚሄደው የመኪና መንገድ በላዩ ያልፋል። ስለዚህ በእግሩ ብዙ መሄድ የማይችል ሰው፣ አዛውንትም ሆነ ልጅ የያዘ ቤተሰብ፣ ከፍተኛውን ደጋ በመኪና መስኮት ሊያየው ይችላል። የባሌ ከፍተኛ ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፤ ስሙ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። እዚያም ላይ ድረስ መኪና ይወጣል። ይህ ምቾት ግን የራሱ ወጥመድ አለው። በአንድ ጠዋት ከጎባ ተነስቶ 4,000 ሜትር ላይ መውጣት ራስ ያዞራል። ወርዶ ማደር እንጂ እዚያው ማደር አይመከርም።

የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዲንሾ ከተማ ነው። በግቢው ዙሪያ ባለው የኮሶና የጥድ ደን ውስጥ የደጋ አጋዘን ያለ ብዙ ድካም ይታያል። ይህን እንስሳ ሁላችንም ሳናውቀው እናውቀዋለን፤ በ10 ሳንቲማችን ላይ ያለው እሱ ነው። የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ፣ ከሪፍት ሸለቆ በምሥራቅ ባሉ ተራሮች ላይ ነው።

ሳነቴ ላይ የሚፈለገው ቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያሉት በባሌ ነው። ሌላ ቦታ ያጣናቸውን እዚህ የምናገኘው ምግባቸው እዚህ ስላለ ነው። የሳነቴ መሬት በአይጦች የተሞላ ነው። ከሁሉ ትልቁ በባሌ ብቻ የሚገኘው ግዙፍ ፍልፈል ሲሆን ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ ሣር ነጭቶ ይመለሳል፤ ቀበሮው ደግሞ አድብቶ ይጠብቀዋል። የቀበሮው ትልቁ ጠላት ሰው የሚያመጣቸው ውሾች ናቸው፤ የውሻ እብደት በሽታ በተደጋጋሚ እየገባ መንጋውን ፈጅቶታል። ውሻ ይዞ ወደ ፓርኩ መግባት የማይፈቀደው ለዚህ ነው።

ፍልፈሉን የሚያድነው ቀበሮ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በባሌ 3,469 ሜትር ላይ በሚገኘው ፊንጫ ሀበራ የዓለት መጠለያ ውስጥ ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ይኖሩ እንደነበር አሳይቷል። ምግባቸው በእሳት የተጠበሰ ግዙፍ ፍልፈል ነበር። በዚያ ዘመን የተራራው አናት በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነበር። ከፍታን መልመድ የትናንት ነገር አይደለም።

ከሳነቴ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ከአንድ ሰዓት ተኩል ባልበለጠ የመኪና ጉዞ ሌላ ዓለም ይመጣል። ጅብራው ቀርቶ የአስታ ደን፣ ቀጥሎ ጢም በመሰለ ሽበት የተሸፈነ ዛፍ፣ ከዚያም የሐረና ደን ይጀምራል። ሐረና ውስጥ ቡና ማንም ሳይተክለው በዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል፣ ቀፎ ከዛፍ ላይ ተሰቅሎ ይታያል፣ አንበሳም አለ። ባሌ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። የገናሌ፣ የዋቤ ሸበሌና የወይብ ውሃ ከዚህና ከአካባቢው ተራሮች ስለሚነሳ የዚህ ደጋ ጤንነት እስከ ሶማሊያ ያለውን ሕዝብ ይነካል።

ጓሳ መንዝ

ብዙ ቀን ለሌለው የአዲስ አበባ ሰው ጓሳ ይሻላል። በደብረ ብርሃን በኩል ጣርማ በር ደርሶ ወደ መሐል ሜዳ የሚታጠፈውን መንገድ ይይዛል። ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል፤ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጭላዳም፣ ቀይ ቀበሮም፣ ጅብራም አለ።

ጓሳን ልዩ የሚያደርገው ታሪኩ ነው። ብሔራዊ ፓርክ የሚባል ነገር በዓለም ላይ ከመታሰቡ በፊት፣ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ የመንዝ ሰዎች ሜዳውን በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። አባ ቄራ የሚባሉ ሹሞች ይመረጣሉ፤ ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ይከፈትና ሁሉም በደንቡ ያጭዳል። ጓሳ ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ገሣ ይሠራበታል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ሜዳውም ተጎዳ። በኋላ ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቋቁሞታል፤ ዛሬ ጎብኚ የሚያርፍበትን ማረፊያ የሚያስተዳድረውም የአካባቢው ማኅበረሰብ ነው።

ጓሳ ላይ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መሀል ዝም ብሎ ሲመላለስ ይታያል፤ ግልገሎቹን አይነካም፣ እነሱም አይሸሹትም። ተመራማሪዎች ሲቆጥሩ ቀበሮው ከጭላዳዎቹ መሀል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከሦስት ሙከራ ሁለቱ ሰምሮለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን ከአራት አንዱ ብቻ። ጎረቤት ከጠበቁት እንጀራ ይሆናል።

መቼ ይኬዳል? ምን ይያዛል?

ሰሜንና ጓሳ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ያምራሉ፤ ዝናቡ ቆሟል፣ ሣሩ ገና አልደረቀም፣ አደይ አበባ አለ። ከጥር እስከ መጋቢት መንገዱ ደረቅ ነው፤ ሜዳው ግን ይገረጣል፣ ጭጋግና አቧራም ከቆላው ይነሳል። ጥምቀትን ጎንደር አክብሮ በማግሥቱ ወደ ሰሜን መውጣት ለብዙዎች የተመቸ ነው። ባሌ በልግም ክረምትም ስለሚዘንብበት ከኅዳር እስከ የካቲት ቢኬድ ይሻላል። ሌሊቱ ከሁሉ የሚበርደው በዚሁ በደረቁ ወቅት መሆኑን ግን አይርሱ።

ልብስ ተደራራቢ ይሁን፤ ቀን አንዱን እያወለቁ ማታ ሁሉንም ይለብሳሉ። ጋቢ ለድንኳን ውስጥ የሚስተካከለው የለም፤ ዝናብ ላይ ግን ውሃ ይጠጣልና የዝናብ ልብስ ለየብቻ ይያዙ። ባርኔጣ፣ የፀሐይ መነጽርና የቆዳ ቅባት ቅንጦት አይደሉም። ጫማዎ ቀደም ብሎ እግርዎን የለመደ ይሁን። ለስንቅ በሶና ቆሎ ከሁሉ ይበልጣሉ፤ ማገዶ አይፈጁም፣ ለጉዞ ይቀላሉ፣ ሆድ ያቆያሉ። የወንዝ ውሃ አፍልተው ወይም አጣርተው ይጠጡ።

ከፍታ ሲያም

ከ2,500 ሜትር በላይ የወጣ ማንኛውም ሰው ሊያመው ይችላል። ወጣትነትና ስፖርተኛነት አያድኑም፤ እንዲያውም የሚፈጥኑት እነሱ ስለሆኑ ብዙ ጊዜ ቀድመው ይታመማሉ። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና እንቅልፍ ማጣት ነው። ይህ ከመጣ በዚያ ቀን ወደ ላይ አይቀጥሉ፤ ባሉበት ያርፉ፣ ውሃ ይጠጡ፣ አረቄና ጠላ ይቆዩ። በማግሥቱ ካልተሻለ ይውረዱ።

አደገኛው ምልክት ሌላ ነው። ሰው ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሲራመድ እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ፣ ወይም ንግግሩ ከተዘበራረቀ፣ ሳንባው ወይም አንጎሉ ውሃ እየቋጠረ ሊሆን ይችላል። ንጋትን አይጠብቁ፤ በሌሊትም ቢሆን በበቅሎ ወይም በመኪና ያውርዱት። 500 ወይም 1,000 ሜትር መውረድ ከማንኛውም ክኒን ይበልጣል። አሴታዞላሚድ የሚባለው መድኃኒት ሰውነት ከፍታን ቶሎ እንዲለምድ ይረዳል፤ የሚወሰደው ግን ሐኪም ካማከሩ በኋላ ነው። ነፍሰ ጡር፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰውም ከመነሳቱ በፊት ሐኪም ያማክር።

መከላከያው ቀላል ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያድሩበትን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አያሳድጉ፤ በየሦስት ወይም አራት ቀኑ አንድ ቀን ያርፉ። ቀን ከፍ ብሎ ማታ ዝቅ ብሎ ማደር መልካም ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት ለደጋ የተተረተ ይመስላል።

ከመነሳትዎ በፊት

በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነትም ሆነ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት የሰሜንና የመንዝ መንገዶች የሚዘጉበት ጊዜ አለ። ከሳምንት በፊት የሰሙት ወሬ አይበቃም። በሚነሱበት ዕለት ወደ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ወይም እዚያ ወዳለ አስጎብኚ ደውለው ይጠይቁ፤ አይሆንም ካሉዎት ለሌላ ጊዜ ያቆዩት። ተራራው የትም አይሄድም፤ እንጀራው በጎብኚ ላይ የቆመው በቅሎ ጫኝ ግን ጎብኚ ባጣባቸው ዓመታት ተጎድቷል። መንገዱ ሲከፈት በቅሎውን፣ ስካውቱንና ምግብ አብሳዩን ከዚያው ከአካባቢው ይቅጠሩ።

ቀኑን ሲቆጥሩ ደግሞ አንድ ቀን ይጨምሩ። ያቺን ቀን ለተራራው ጫፍ ሳይሆን ለመጀመሪያው ሌሊት ይስጧት፤ ሰሜን የሚሄድ ደባርቅ ይደር፣ ባሌ የሚሄድ ጎባ ይደር።